ፍሬን ሲያዝ የሚንቀጠቀጥ ፒክ አፕ፦ ዲስክ ከመግዛታችሁ በፊት

ፍሬን ስትይዙ መሪው እጃችሁ ላይ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ከየአቅጣጫው የሚመጣው ምክር አንድ ነው። "ዲስኩ ጎብጧል፣ ቀይረውና ተገላገል።" መካሪው ብዙውን ጊዜ ጎማ እንኳ አላወለቀም።

እኔ የምላችሁ ሌላ ነው። በሥራዬ እንዳየሁት ዲስኩ፣ ማለትም ፍሬን ሲያዝ የሚጨመቀው ክብ ብረት፣ ጥፋተኛ ከሚሆንበት ይልቅ ተጎጂ የሚሆንበት ጊዜ ይበዛል። ያበላሸው ነገር ከኋላው ወይም ከጎኑ ተደብቆ ይቀመጣል። ሞዞው (ዲስኩና ቸርኬው የሚታሰሩበት መሐለኛ ብረት) ላይ ያለ ዝገት ሊሆን ይችላል። ያለ ልክ የጠበቀ ዳዶ (የጎማ ማሰሪያ)፣ የደረቀ ፒስቶን (የፍሬን ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚገፋው)፣ የላላ ኩሽኔታም (ጎማው የሚዞርበት ቤሪንግ) ሊሆን ይችላል። እሱን ሳታገኙ አዲስ ዲስክ ከገጠማችሁ መኪናው ለጊዜው ጸጥ ይላል። ጥቂት ሺህ ኪሎ ሜትር ከሄደ በኋላ ያው መንቀጥቀጥ ይመለሳል። ከዚያ "ዲስኩ ፎርጅድ ነው" ይባላል።

ፒክ አፕ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ባዶ ሲሆን ክብደቱ ፊት ላይ ያርፋል፣ ሲጫን ወደ ኋላ ይሄዳል። ከኋላ ባሌስትራ (ተደራራቢ የብረት ስፕሪንግ) ነው። ብዙዎቹ ፊት ዲስክ፣ ኋላ ታምቡር (ሸራው ከውስጥ ተከፍቶ የሚይዘው ከበሮ መሰል ብረት) ናቸው። ጎማው ትልቅና ከባድ ነው፣ ባለቤቱም ብዙ ጊዜ ከፋብሪካው የበለጠ ትልቅ ጎማ ይጨምርበታል። ስለዚህ ለቤት መኪና የተሰጠ ምክር ሁሉ እዚህ አይሠራም።

መጀመሪያ ንዱት

ክሪክ ከማውጣታችሁ በፊት ቀጥ ያለ፣ ደረቅና ባዶ መንገድ ፈልጉ። ፍሬን ሳትነኩ ፍጥነት ጨምሩ። በ80 እና በ110 መካከል መሪው ወይም ወንበሩ ከተንቀጠቀጠ ነገሩ የፍሬን አይደለም። የጎማ ባላንስ፣ የተጣመመ ቸርኬ ወይም ውስጡ የተጎዳ ጎማ ነው። መጀመሪያ እሱን አስተካክሉ። ሁለት ችግር ሲደራረብ ለመለየት ያስቸግራል።

ፍሬን ሳይነካ ለስላሳ ከሆነ ከ100 ወደ 40 እስክትወርዱ በመጠኑ ፍሬን ያዙ። አትርገጡት፣ ጫን ብቻ በሉት። መሪው ከተንቀጠቀጠ ነገሩ ከፊት ነው። መሪው ጸጥ ብሎ ወንበሩና ወለሉ ከተንቀጠቀጠ ኋላውን ጠርጥሩ። ፔዳሉ እግራችሁን መልሶ የሚገፋ ከሆነ ደግሞ ዲስኩ ዙሪያውን እኩል ውፍረት የለውም፣ ወይም ታምቡሩ ክብነቱን አጥቷል። ይሄኛው ከፊትም ከኋላም ሊመጣ ይችላል።

ምቱንም ተከታተሉ። 265/65 ባለ 17 ጎማ አንዴ ሲዞር 2.4 ሜትር ገደማ ይሄዳል። በ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት በሰከንድ 11 ጊዜ ያህል ይዞራል፣ በ50 ደግሞ ግማሹን። ፍጥነት ሲቀንስ ምቱም አብሮ ከዘገየ ችግሩ ከጎማው ጋር የሚዞር ዕቃ ላይ ነው።

ጠጠር ላይ አጥብቃችሁ ስትይዙ ፔዳሉ ፈጠን ፈጠን እያለ ቢመታና ቢያንኳኳ ግን አትደንግጡ፣ ኤቢኤሱ (ጎማ እንዳይቆለፍ የሚከላከለው ሥርዓት) ሥራውን እየሠራ ነው። ደረቅ አስፋልት ላይ፣ ልትቆሙ ስትሉ፣ በቀላል አያያዝ እንዲህ ካደረገ የጎማውን ፍጥነት የሚያነበውን ሴንሰር ተመልከቱ። የብረት ብናኝ ይዞት ወይም የሚያነበው ቀለበት ተሰንጥቆ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ዲስክ መቀየር ምንም አይፈይድም።

ከኋላ ታምቡር ላለው ፒክ አፕ ደግሞ የምወደው ፈተና አለ። ከኋላችሁ ማንም እንደሌለ አይታችሁ በ40 ገደማ ፍጥነት ላይ እጅ ፍሬኑን ቀስ እያላችሁ ጎትቱት። መልቀቂያውን ተጭናችሁ ያዙት፣ እንዳይቆለፍ። የሚሠራው የኋላው ብቻ ስለሆነ ከተንቀጠቀጠ ታምቡሩን ያዛችሁት ማለት ነው። ሁለት ነገር ልብ በሉ። እጅ ፍሬኑ በቁልፍ የሚሠራ ኤሌክትሪክ ከሆነ አትሞክሩት። ከኋላ ዲስክ ያላቸው ብዙ ፒክ አፖች ደግሞ እጅ ፍሬናቸው የሚይዘው በዲስኩ መሐል ያለችውን ትንሽ ታምቡር ነው፣ ስለዚህ ስለ ዲስኩ የሚነግራችሁ ነገር የለም።

ከሙከራው ስትመለሱ የመጨረሻውን ጥቂት መንገድ ፍሬን ሳታበዙ ኑ። ቆማችሁ እጃችሁን ወደ እያንዳንዱ ቸርኬ አስጠጉ። አትንኩት፣ ያቃጥላል። በርቀት ሙቀት የምትለካዋ ቴርሞሜትር ካለቻችሁ በጣም ጥሩ። የፊት ግራና የፊት ቀኝ ተቀራራቢ መሆን አለባቸው። አንዱ ከጓደኛው በጣም ከጋለ ያ ፍሬን አይለቅም። ይህችን ነጥብ ያዟት፣ በኋላ እንመለስባታለን።

አንሱና ወዝውዙ

በክሪክ ብቻ ተማምናችሁ ከመኪና ሥር አትግቡ። መሬት ላይ ያሉትን ጎማዎች በታኮ ያዙ፣ ሻንሲውን በጠንካራ የብረት መቆሚያ ላይ አሳርፉ። ፒክ አፕ ከፍ ያለና ከባድ ነው፣ ከወደቀ ሁለተኛ ዕድል አይሰጥም።

ጎማውን ከላይና ከታች ይዛችሁ ግፉና ጎትቱ። የሚንቃቃ ከሆነ ሌላ ሰው ፍሬን እንዲይዝላችሁ አድርጉና ድገሙት። ፍሬኑ ሲያዝ መንቃቃቱ ከጠፋ ኩሽኔታው ነው። ካልጠፋ ቦል ጆይንቱን (ጎማውን ከክንዱ ጋር የሚያገናኘውን ኳስ መሰል መጋጠሚያ) ፈትሹ። ከግራና ከቀኝ ይዛችሁ ስትወዘውዙ የሚንቃቃው ደግሞ ብዙውን ጊዜ የመሪ ዘንግ ጫፍ ነው።

የታችኛው ክንድ ቦኮላዎችንም (መጋጠሚያው ላይ ያሉትን የጎማ ትራሶች) በረዥም ብረት ፈልቅቃችሁ እዩ። ቦኮላ ራሱ መንቀጥቀጥን አይፈጥርም። ጤነኛ ቢሆን ግን ውጦ ያስቀረው የነበረውን ትንሽ መንቀጥቀጥ ሲበላ አሳልፎ ይሰጠዋል። "ባለፈው ወር ምንም አልነበረም፣ በአንድ ጊዜ ባሰ" የሚባለው ነገር ብዙ ጊዜ ከዚህ ይመጣል።

ኋላ ሄዳችሁ ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር የሚያስሩትን የዩ ቅርጽ ቡሎኖች ፈትሹ። ከላሉ ፍሬን ሲያዝ አክስሉ ባሌስትራው ላይ ይንሸራተታል፣ መንቀጥቀጡም ወንበር ላይ ይሰማል። የትራስሚሲዮኑን ክሮቸራም (ዘንጉን የሚያጋጥመውን መስቀለኛ ዕቃ) በእጃችሁ አዙራችሁ እዩት። ነዳጅ ስትሰጡም የሚንቀጠቀጥ መኪና ከሆነ መጀመሪያ የምጠረጥረው እሱን ነው።

ዲስኩ እንዴት እንደሚበላሽ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ቁም ነገሩ ያለው እዚህ ነው።

ዲስክ በሙቀት እንደ ቆርቆሮ የሚጠማዘዝ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። በአብዛኛው የሚሆነው ሌላ ነው። ዲስኩ ሞዞው ላይ ቀጥ ብሎ ካልተቀመጠ ሲዞር በጣም በትንሹ ወዲያ ወዲህ ይላል። ፍሬን ሳትይዙም አንዱ ቦታው በየዙሩ ሸራውን ነካ እያደረገ ያልፋል። በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር እንዲህ ሲሄድ ያ ቦታ ከሌላው ቀድሞ ይበላል። አሁን ዲስኩ አንድ ቦታ ቀጭን፣ ሌላ ቦታ ወፍራም ሆነ። ፍሬን ስትይዙ ወፍራሙ ሲመጣ ፒስቶኑን ይገፋል፣ ቀጭኑ ሲመጣ ይለቃል። ፔዳሉን የሚያስመታው፣ መሪውን የሚያንቀጠቅጠው ይሄ ነው። ልዩነቱ 0.02 ሚሊ ሜትር ሲደርስ እንኳ ሊሰማ ይችላል። የሰው ፀጉር ከዚህ ይወፍራል። በዓይን አይቶ "ደህና ነው" ወይም "ጎብጧል" የሚል ሰው የማይታየውን እየገመተ ነው።

ሁለተኛው መንገድ ከሸራው የሚመጣ ነው። ረዥም ቁልቁለት ወርዳችሁ፣ ፍሬኑ በጣም ግሎ፣ ታች ደርሳችሁ እግራችሁን ፔዳሉ ላይ ተጭናችሁ ትቆማላችሁ። የሸራው ቁስ ቆማችሁበት ቦታ ላይ ይጣበቃል። አንዳንዴ የሸራው ቅርጽ ዲስኩ ላይ እንደ ጥላ ቁልጭ ብሎ ይታያል። የተጣበቀበት ቦታ ይበልጥ ስለሚይዝ ይበልጥ ይግላል። ሙቀቱ ሲበዛ የብረቱ ተፈጥሮ ራሱ ተለውጦ ሰማያዊ፣ ጠንካራ ነጠብጣብ ይሠራል። እዚያ ከደረሰ ለማስላጥ ቶርኖ ቤት መውሰድ ገንዘብ ማባከን ነው። ጠንካራው ቦታ ወደ ውስጥ ስለሚዘልቅ ፊቱ ቢላጭም ከሥሩ አለ። ሌላው ቀድሞት ሲበላ እሱ እንደገና ጉብ ብሎ ይወጣል።

መለካት

ካሊፐሩን (ፒስቶንና ሸራውን የያዘውን ዕቃ) ስታወርዱ በፍሬን ዘይቱ የጎማ ቱቦ አታንጠልጥሉት። በሽቦ ከሻንሲው ጋር እሰሩት። ብናኙን በአየር አትንፉ፣ ለሳንባ አይሆንም። በፍሬን ማጽጃ ስፕሬይ አርጥባችሁ ጥረጉት።

በማይክሮሜትር ከዲስኩ ጠርዝ 10 ሚሊ ሜትር ገደማ ወደ ውስጥ ገብታችሁ፣ ዙሪያውን 8 ቦታ ለኩ። ተራ የመለኪያ ካሊበር ለዚህ አይበቃም፣ ጠርዙ ላይ ያለው ከንፈርም ያሳስታል። ትልቁንና ትንሹን አቀናንሱ። ልዩነቱ 0.02 እና ከዚያ በላይ ከሆነ የመንቀጥቀጡን መነሻ አገኛችሁት። ትንሹን ደግሞ ዲስኩ ላይ ከተቀረጸው የመጨረሻ ዝቅተኛ ውፍረት ጋር አስተያዩ። ከሱ በታች ከሆነ ወሬ የለም፣ ይጣላል።

ቀጥሎ መወዛወዙን ለኩ። ዲስኩ ሞዞው ላይ እያለ የጎማውን ዳዶዎች በወፍራም ሮንዴላ መልሳችሁ እኩል አጥብቋቸው። ይህን ካልሠራችሁ የምታነቡት ውሸት ነው። ዳያል ጌጁን (ጥቃቅን መወዛወዝ የሚያነበውን ባለ ቀስት መለኪያ) በማግኔቱ ቋሚ ነገር ላይ ትከሉ፣ ጫፉን ዲስኩ ላይ አሳርፋችሁ ዜሮ ላይ አድርጉት፣ ዲስኩን በእጅ ቀስ ብላችሁ አንድ ዙር አዙሩ። የብዙ አምራቾች ገደብ 0.05 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው፣ እስከ 0.1 የሚፈቅዱም አሉ። የእናንተን ከመኪናው የጥገና መጽሐፍ እዩ። ኩሽኔታው ከላላ ግን መጀመሪያ እሱ ይስተካከል።

ንባቡ ከገደቡ በላይ ከሆነ ወደ ዲስክ መደብር አትሩጡ። ከፍ ያለውን ቦታ ዲስኩም ላይ፣ ሞዞውም ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጉበት። ዲስኩን አውልቁና አንድ ቡሎን አሻግራችሁ መልሳችሁ ግጠሙት። እንደገና ለኩ። ከፍታው ከዲስኩ ጋር ከሄደ ዲስኩ ነው። ሞዞው ላይ ካለው ምልክት ካልተነቃነቀ ሞዞው ነው፣ ወይም ሞዞው ላይ ያለ ነገር ነው። አንዳንዴ ደግሞ የሁለቱ ትንንሽ ጉድለት አንድ አቅጣጫ ላይ ተደምሮ ነው እንጂ ብቻ ለብቻ ሁለቱም ደህና ናቸው። ባለ 6 ቡሎን ፒክ አፕ 6 ቦታ ያስሞክራል፣ አንደኛው ቦታ ላይ ሊገናኙ ይችላሉ። ነፃ ጥገና ማለት ይሄ ነው።

ዲስኩ አልወጣ ካለ ፊቱን በመዶሻ አትደብድቡት። አብዛኞቹ ዲስኮች መሐላቸው ላይ ጥርስ ያላቸው ሁለት ቀዳዳዎች አሏቸው። የሚገጥም ቡሎን፣ ብዙ ጊዜ 8 ሚሊ ሜትር ነው፣ አስገቡና እያፈራረቃችሁ አጥብቁ። ራሱ ተገፍቶ ይወጣል። በአንዳንድ የድሮ ፒክ አፖች ግን ዲስኩ ከሞዞው ጀርባ ታስሮ ስለሚገኝ ሞዞው ከነኩሽኔታው መውጣት አለበት። ይህን ከዚህ በፊት ሠርታችሁት ካላወቃችሁ ለሚያውቅ ስጡት።

ዝገትና ዳዶ

አንድ ደንበኛ ሦስተኛ ጥንድ ዲስኩን አስገጥሞ መጣ። የቀደሙት ሁለቱ "ጎበጡ" ተብለው ተጥለዋል። አዲሱን አወለቅኩት። ሞዞው ላይ፣ ሁለት ቡሎኖች መሐል፣ የዝገት ቅርፊት ተጋግሯል። ቀድመው የገጠሙለት ሰዎች ዲስክ እንጂ ሞዞ አላዩም። በሽቦ ብሩሽ፣ ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት ንጹሕ ብረት እስኪታይ ድረስ ፈገፈግነው። የቡሎኖቹን ሥር በተለይ፣ ብሩሽ የማይደርስበት ቦታ ስለሆነ። 0.14 ያነብ የነበረው ዳያል ወደ 0.03 ወረደ። ያ ዲስክ አልተጣለም።

ስለዚህ የዲስኩን የውስጥ ፊት፣ ሞዞውን፣ የቸርኬውን መቀመጫም አጽዱ። ንጹሕ ብረት በንጹሕ ብረት ላይ ይቀመጥ። ግራሶ አትቀቡት።

ዳዶ ደግሞ የብዙ ሰው ዕዳ ነው። በአየር የሚሠራው መፍቻ አንዱን ዳዶ ያፈነዳዋል፣ ሌላውን ገና ይነካዋል። ዲስኩ በቸርኬውና በሞዞው መሐል ስለሚጨመቅ ያልተመጣጠነው ኃይል ቀጥታ እሱ ላይ ያርፋል። ጎማው አየር ላይ እያለ ዳዶዎቹን በእጅ አስገቡ፣ ከዚያ በመስቀለኛ ቅደም ተከተል በቶርክ ሬንች (የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካው መፍቻ)፣ በሁለት ወይም በሦስት ደረጃ አጥብቁ። ልኩ ለብረት ቸርኬና ለአሉሚኒየም ቸርኬ ሊለያይ ስለሚችል ከመጽሐፉ አንብቡ። ጎማ ቤት ስትሄዱም ቆማችሁ እዩ። ማሳፈር አይደለም፣ ዲስኩ የእናንተ ነው።

የማይለቅ ፍሬን

ያ ከጓደኛው የጋለ ጎማ አሁን ይምጣ። ካሊፐሩ የሚንሸራተት ዓይነት ከሆነ ፒኖቹን አውጡ። በእጅ መንሸራተት አለባቸው። ከደረቁ አጽዱና ለፍሬን የተሠራ የሲሊኮን ቅባት ቀቡ። ተራ ግራሶ ጎሚኒውን ያሳብጠዋል፣ ከበፊቱ ይብሳል። አንዳንድ ፒክ አፖች ደግሞ ፊታቸው ላይ ከሁለቱም ወገን ፒስቶን ያለው፣ የማይንቀሳቀስ ካሊፐር አላቸው። እነዚህ ላይ የሚንሸራተት ፒን አትፈልጉ። ፒስቶኖቹን አንድ በአንድ ወደ ውስጥ ግፉ፣ ሌሎቹ እንዳይወጡ በእንጨት ይዛችሁ። አንዱ አልገባ ካለ ወይ በአዲስ ጎሚኒ ይታደሳል ወይ ካሊፐሩ ይቀየራል። ስትገፉ የፍሬን ዘይቱ ማጠራቀሚያው ላይ ሊሞላና ሊፈስ ይችላል። ቀለም ይበላል፣ ቶሎ በውኃ እጠቡት።

ጎማው ጥርቅም ብሎ አልዞር ካለ ካሊፐሩ ላይ ያለችውን የአየር ማስወጫ ትንሽ ላላ አድርጓት። ዘይት ፊጭ ብሎ ጎማው ከተለቀቀ ግፊቱ ውስጥ ታግቶ ነበር። ብዙ ጊዜ ውስጡ ያበጠ የጎማ ቱቦ ነው። ካልተለቀቀ ፒስቶኑ ወይም ፒኑ ነው።

ታምቡርና የጭነት ቫልቭ

ታምቡሩን አውልቃችሁ የውስጡን ስፋት በተለያየ አቅጣጫ ለኩ። ክብ ካልሆነ ይላጫል፣ የተቀረጸበት የመጨረሻ ስፋት እስከፈቀደ ድረስ። ታምቡር በጣም እንደጋለ እጅ ፍሬን አጥብቆ ማቆም ክብነቱን ያሳጣዋል፣ ሲቀዘቅዝ እንደተጨመቀ ይቀራልና። ሸራው ላይ የዲፈረንሻል ዘይት ካያችሁ የአክስሉ ዘይት ማገጃ ጎሚኒ (ኦሪንግ ወይም ሲል የሚባለው) አልቋል። ዘይት የጠጣ ሸራ አጥባችሁ አትመልሱ።

ብዙ ፒክ አፖች ከኋላ አክስል ጋር በዘንግ የተያያዘ፣ ጭነቱን አይቶ የኋላውን ፍሬን የሚመጥን ቫልቭ አላቸው። መኪናው ከፍ እንዲል ባሌስትራ ሲጨመርበት ቫልቩ "ባዶ ነው" ብሎ ያምናል። የኋላው ይሰንፋል፣ ፊቱ ለሁለት ይሠራል፣ ይግላል። የፊት ዲስክ በየጊዜው የሚበላበት ከፍ የተደረገ ፒክ አፕ ካያችሁ መጀመሪያ እዚያ ሥር ግቡ።

መግጠምና ማሟሸት

ማስላጥ ወይስ መቀየር? ሰማያዊ ነጠብጣብና ስንጥቅ ከሌለው፣ ከተላጨም በኋላ ከዝቅተኛው ውፍረት በደንብ ከተረፈ፣ ማስላጥ ይቻላል። መኪናው ላይ እንዳለ የሚላጥበት ማሽን ካገኛችሁ ይመረጣል፣ ከሞዞው ጋር አብሮ ስለሚስተካከል። ሸክም ለሚጭን ፒክ አፕ ግን እኔ አዲስ ዲስክ እመርጣለሁ። የሳሳ ዲስክ ሙቀት የመያዝ አቅሙ ያንሳል፣ ቶሎ ይግላል። የሆነው ሆኖ በግራና በቀኝ ጥንድ ጥንዱን ሥሩ።

አዲስ ዲስክ ዝገት መከላከያ ዘይት ተቀብቶ ይመጣል። በፍሬን ማጽጃ በደንብ እጠቡት። የድሮ ሸራ አዲስ ዲስክ ላይ አትግጠሙ። ገጥማችሁ ስትጨርሱ እንደገና በዳያል ለኩ። መኪናውን ከማንቀሳቀሳችሁ በፊት ፔዳሉን ደጋግማችሁ ርገጡ፣ እስኪጠነክር። ይህን የረሳ ሰው የመጀመሪያው ፍሬኑ ወለል ይነካል።

ከዚያ ማሟሸት፣ ማለትም አዲሱን ሸራና ዲስክ ማላመድ። ባዶ መንገድ ላይ ከ60 ወደ 10 ገደማ በመጠኑ ፍሬን ያዙ፣ ሙሉ በሙሉ አትቁሙ፣ መልሳችሁ ፍጠኑ። ወደ 10 ጊዜ ያህል ድገሙት። ትንሽ ሽታ ይኖራል፣ ምንም አይደለም። ሲያበቃ ፍሬን ሳታበዙ እየነዳችሁ አቀዝቅዙት። ግሎ ሳለ እግር ፔዳል ላይ አድርጎ መቆም ሸራውን አዲሱ ዲስክ ላይ ማተም ነው። 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ከሄዳችሁ በኋላ ዳዶዎቹን በቶርክ ሬንች እንደገና አረጋግጡ።

ሁሉ ንጹሕ ሆኖ፣ ዲስኩ አዲስ ሆኖ፣ ቡሎን እያሻገራችሁ ሞክራችሁም ዳያሉ ከገደቡ ካልወረደ ጌጁን ባዶው ሞዞ ፊት ላይ ትከሉት። እዚያም የሚወዛወዝ ከሆነ ሞዞው ራሱ ተጣሟል፤ ከባድ ጉድጓድ የመታ ወይም የተጋጨ መኪና ላይ ይገጥማል። የሚቀየረው እሱ ነው።